ዘጠና ዘጠኝ ልጅ ያላት ሴት

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ከሰዓት በኋላ፤ እናና ዘቢደር በረንዳው ላይ ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ፣ የሶሺዮሎጂ ማስተርስ ተማሪ የሆነችው የልጅ ልጃቸው ምንትዋብ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ አኩርፋለች።

እናና፦ ነጠላዬን አጥቤ አስጥቻለሁ፣ ጫማዬን ጠርጌያለሁ። አንቺ ደግሞ አሁን ተነስተሽ አልሄድም ትያለሽ።

ምንትዋብ፦ አንቺ ሂጂ። ማን ከለከለሽ?

እናና፦ ያን የሚያህል ዩኒቨርሲቲ ብቻዬን ገብቼ ወዴት ልሂድ? ዘበኛው የማን ቤተሰብ ነዎት ቢለኝ ምን ልበለው?

ምንትዋብ፦ የኢክራም እናት ነኝ በይው። ገበያ ላይ እንደዚያ አይደል የምትይው?

እናና፦ አሃ።

ምንትዋብ፦ ምን አሃ?

እናና፦ ምንም። ሽንኩርቱ ነው።

ምንትዋብ፦ ሽንኩርት ያስለቅሳል እንጂ አሃ አያሰኝም።

እናና፦ ጓደኛሽ እኮ ናት፣ ትናንት መጥታ እዚች ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ነገ ጥናቴን አስተማሪዎቹ ፊት አቀርባለሁ፣ ምንትዋብ ከፊት ካልተቀመጠችልኝ አፌ ይተሳሰርብኛል ነው ያለችኝ። አሁን ምን ልበላት? አመማት ልበላት?

ምንትዋብ፦ በያት።

እናና፦ ምንሽን?

ምንትዋብ፦ ራሴን።

እናና፦ ራሱን ያመመው ሰው ምሳ ላይ ድገሙኝ አይልም። ሌላ ምረጪ።

ምንትዋብ፦ እናና፣ ተይኝ በቃ። ሥራ አለኝ።

እናና፦ ከተቀመጥሽ ጀምሮ አንዷን ቁልፍ እንኳ አልነካሽም። ቅናት ነው።

ምንትዋብ፦ በምኗ ነው የምቀናባት?

እናና፦ እኔ ምን አውቄ። ንገሪኝና አብረን እንቅናባት። ደህና ወሬ ከሰማሁ እኮ ቆየሁ፣ ይሄ ሰፈር የሞተ ነው።

ምንትዋብ፦ ብነግርሽ ለማንም አታወሪም?

እናና፦ ለማን አወራለሁ? ለሙላቷ ብቻ።

ምንትዋብ፦ እናና።

እናና፦ እሺ፣ ለሷም ግማሹን።

ምንትዋብ፦ ለሷም ለማንም። ማይልኝ።

እናና፦ በመድኃኔዓለም። በይ አሁን።

ምንትዋብ፦ ኢክራም ነገ የምታቀርበው ጥናት ስህተት አለበት። ትንሽ አይደለም፣ ጥናቱን ከነሥሩ የሚነቅል ስህተት። አማካሪያችን ዶክተር ፈለቀ አላየውም፣ እሷም አታውቀውም። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እናና፦ ቆይ፣ ቆይ፣ ቢላዋውን ላስቀምጥ።

ምንትዋብ፦ እንደዚህ ደስ ይበልሽ ብዬ አይደለም የነገርኩሽ።

እናና፦ ደስ አላለኝም፣ ተመችቶኝ ልስማው ብዬ ነው። ምንድነው ስህተቱ? የሰው ሥራ ገለበጠች?

ምንትዋብ፦ አልገለበጠችም። ጥናቷ ስለ ዕድር ነው፤ ሴቶች ስብሰባ ላይ አንዷ ተነስታ ስትናገር ሌላዋ ለምን ዝም ትላለች የሚል። እናንተም ዕድር መጥተን መጠይቅ ሞልተንላችሁ የለም? እኔም አብሬያት ነበርኩ።

እናና፦ እንዴት እረሳዋለሁ። ፀሐይ ላይ አስቀምጣችሁን ስንት ጊዜ ተነስተው ይናገራሉ፣ ስንተኛ ክፍል ደርሰዋል፣ በወር ስንት ያገኛሉ እያላችሁ። ሙላቷ ገቢዋን ዋሽታለች፣ ጻፊልኝ።

ምንትዋብ፦ ያንን ሁሉ ሰብስበሽ ሪግሬሽን ትሠሪበታለሽ።

እናና፦ ሪግ… ምኑን?

ምንትዋብ፦ ሪግሬሽን። ብዙ ምክንያት ባንዴ የሚመዘንበት ነው። ሴትዮዋን የሚያናግራት ዕድሜዋ ነው? ትምህርቷ ነው? ገቢዋ ነው? የልጆቿ ብዛት ነው? ተደበላልቆ ነው እኮ የሚመጣው። ዕድሜዋ የገፋው ብዙ ወልዳለች፣ የተማረችው ደግሞ ደመወዝ አላት፣ የትኛው እንደሚሠራ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ሁሉንም አንድ ላይ ታስገቢያቸዋለሽ። ፕሮግራሙ አንዱን ሲለካ ሌሎቹን ባሉበት ያቆምልሻል።

እናና፦ ባሉበት ያቆማቸዋል? እንደ ትራፊክ?

ምንትዋብ፦ በምሳሌ ልንገርሽ። የአስረስ ሚስት ለምን ጥላው ሄደች?

እናና፦ በእናቱ ነዋ።

ምንትዋብ፦ በመጠጡ ነው የሚሉ አሉ።

እናና፦ በመጠጡም ነው። በማንኮራፋቱም ነው። እህቷም አለች፣ አዲስ አበባ ሆና በየቀኑ እየደወለች ነይ፣ ምን ይዞሽ ነው የምትላት።

ምንትዋብ፦ አየሽ፣ ባንዴ አራት ምክንያት ሰጠሽኝ። አሁን የእናቱን ድርሻ ለብቻው ማወቅ ብትፈልጊ፣ ልክ እንደሱ የሚጠጣ፣ ልክ እንደሱ የሚያንኮራፋ፣ ሚስቱም ነገረኛ እህት ያላት፣ እናቱ ግን አብራው የማትኖር ባል ፈልገሽ ታመሳክሪያለሽ። የዚያ ሚስት ሄደች ወይስ አልሄደችም?

እናና፦ በላይነህ አለ። ይጠጣል፣ ሲያንኮራፋ እዚህ ድረስ ይሰማል፣ የሚስቱ እህት ምላሷን አታንሺብኝ፤ እናቱ ግን ወረኢሉ ናት። ሚስቱ አልሄደችም።

ምንትዋብ፦ ስለዚህ?

እናና፦ ስለዚህ እናቱ ናት። መጀመሪያውኑ ብዬሻለሁ።

ምንትዋብ፦ በአንድ ቤት አይፈረድም እናና። ብዙ ቤት ያስፈልጋል።

እናና፦ ብዙ ቤት አለኝ።

ምንትዋብ፦ እሱንማ አውቃለሁ። ግን ከእነ ሙላቷ ጋር ስታወሪ ሌላውን ምክንያት ባለበት ታቆሚዋለሽ?

እናና፦ ለምን ብዬ? ወሬ የሚጣፍጠው ሁሉንም አንድ ላይ ስትደባልቂው ነው። እና ኢክራም ምን አገኘች?

ምንትዋብ፦ ብዙ ልጅ ያላት ሴት ስብሰባ ላይ የበለጠ ትናገራለች የሚል። ዕድሜውም ትምህርቱም ገቢውም ባሉበት ቆመው፣ የልጅ ቁጥር ብቻውን ሦስት ኮከብ አወጣላት። ኮከብ ማለት ውጤቱ እንዲሁ በአጋጣሚ የመጣ አይመስልም የሚባልበት ምልክት ነው። ዶክተር ፈለቀ ሲያየው ከወንበሩ ተነሳ። ሌላ አገር የተጻፈው ሁሉ የሚለው እኮ ልጅ የበዛባት ሴት ጊዜ ስለሌላት ዝም ትላለች ነው። ኮሪደር ላይ ያገኘውን ሁሉ እያስቆመ፣ ይቺ ልጅ ማንም ያላየውን አየች፣ አዲስ አበባ ጉባኤ ላይ ትቅረብልኝ እያለ ዋለ። እኔም እዚያው ቆሜያለሁ። እኔን አይቶ ምን አለኝ መሰለሽ? አንቺም በርቺ አለኝ።

እናና፦ አንቺም በርቺ።

ምንትዋብ፦ እንደ ሕፃን። ሪግሬሽን ያስተማርኳት እኮ እኔ ነኝ። ከታሪክ ትምህርት ክፍል ስትመጣ አማካይ እንዴት እንደሚወጣ እንኳ ረስታው ነበር። ቀመሩ ውስጥ ያለውን የግሪክ ፊደል ስታይ ላብ ላብ ይላታል። እዚሁ በረንዳ ላይ አይደል ይሄኛው የምንፈልገው ነው፣ ይሄኛው ምክንያት ነው፣ ይሄ ደግሞ ያልገባን ቅሪት ነው እያልኩ ያስጠናኋት? አሁን እሷ ሦስት ኮከብ፣ እኔ አንቺም በርቺ።

እናና፦ ያንቺ ስንት ኮከብ አወጣ?

ምንትዋብ፦ ምንም።

እናና፦ አንድም?

ምንትዋብ፦ አንድም። ግን ትክክል ነው። የእኔ ባዶ ትክክል ነው፣ የሷ ሦስት ኮከብ ስህተት ነው። የሚጨበጨበው ለማን እንደሆነ አንቺ ንገሪኝ።

እናና፦ ስህተቱ የቱ ጋ ነው? እስካሁን አልነገርሽኝም።

ምንትዋብ፦ መጠይቁ ላይ ስንት ልጆች አሉዎት የሚል ጥያቄ ነበረ።

እናና፦ እሱን ጥያቄማ እኔ ነኝ ያስቀረሁት። ልጅ አይቆጠርም አልኳቸው ለሴቶቹ። ዓይን አለ፣ ምን አለ፣ ደግሞ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል? ሙላቷም አለሚቱም፣ እኔን አይተው ሁሉም አንናገርም አሉ። ክፉ ሠራሁ?

ምንትዋብ፦ ክፉ አልሠራሽም፣ መብትሽ ነው። ግን አልመልስም ያለችውን ሴት ቦታዋን ባዶ አንተወውም፣ ኮድ እንሰጣታለን። መልስ አልሰጠችም ለማለት ዘጠና ዘጠኝ ብለን እንጽፋለን፣ ዘጠና ዘጠኝ ልጅ የሚወልድ ሰው ስለሌለ። ከዚያ ለኮምፒውተሩ፣ ይሄ ዘጠና ዘጠኝ ልጅ አይደለም፣ መልስ የለም ማለት ነው፣ ስትቆጥር ዝለለው ብለሽ ትነግሪዋለሽ። ካልነገርሽው ግን…

እናና፦ ዘጠና ዘጠኝ ልጅ።

ምንትዋብ፦ አዎ።

እናና፦ እኔ?

ምንትዋብ፦ አንቺም፣ እትዬ ሙላቷም፣ እትዬ አለሚቱም፣ አንቆጥርም ያላችሁት በሙሉ።

እናና፦ ሙላቷ ከእኔ እኩል? ሁለት ወልዳ?

ምንትዋብ፦ አይቆጠርም ስትይ አልነበር?

እናና፦ የሷ ይቆጠራል፣ የማልቆጥረው የራሴን ነው። ቆይ እስቲ፣ እና ማሽኑ እኔን ዘጠና ዘጠኝ ልጅ ያላት ሴት ብሎ መዘገበኝ?

ምንትዋብ፦ ነገሩ እሱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። አንቆጥርም ያሉት እነማን ናቸው? ደፋሮቹ። ተማሪ እስክሪብቶ ይዞ ቆሞባቸው እምቢ የሚሉት። ስብሰባ ላይ ተነስተው ሊቀመንበሩን የሚያፋጥጡትም እነሱው ናቸው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ድፍረት አይታየውም፣ የሚታየው ቁጥር ነው። ስለዚህ ምን ይላል? ዘጠና ዘጠኝ ልጅ ያላቸው ሴቶች አብዝተው ይናገራሉ።

እናና፦ ዘጠና ዘጠኝ ልጅ ያላትን ሴት ማን ዝም ያሰኛታል?

ምንትዋብ፦ አትሳቂ እናና።

እናና፦ አልሳቅኩም፣ ሳል ነው።

ምንትዋብ፦ እኔ ሞከርኩት። ዘጠና ዘጠኙን አስወጥቼ እንደገና አስኬድኩት፤ ኮከቡ በሙሉ ጠፋ። ነገ አንዱ ፈታኝ እጁን አውጥቶ፣ ለመሆኑ አንዲት ሴት በአማካይ ስንት ልጅ አላት ቢላት አለቀላት። ጥናቱ ይወድቃል፣ ዶክተር ፈለቀ ሰው ፊት ያፍርባታል፣ የረዳት መምህርነቱም ቦታ በዚያው ይቀራል።

እናና፦ የምን ቦታ?

ምንትዋብ፦ ትምህርት ክፍሉ ከእኛ መካከል አንድ ሰው ሊቀጥር ነው። ነገ ሰምተው ይወስናሉ። የቀረነው እሷና እኔ ነን።

እናና፦ እንዲህ በይኛ። እና መቼ ነው ያየሽው?

ምንትዋብ፦ ባለፈው ሳምንት። ፊደል የተሳሳተ ካለ እዪልኝ ብላ ላከችልኝ። አየሁት፣ ቆንጆ ነው አልኳት።

እናና፦ ቆንጆ ነው አልሻት።

ምንትዋብ፦ አዎ። አላህ ይስጥሽ፣ አንቺ ካየሽልኝ እንቅልፌን እተኛለሁ አለችኝ።

እናና፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ብትነግሪያት ኮከቧ ይጠፋል፣ ደስ ይልሻል። ባትነግሪያት ነገ ትዋረዳለች፣ ቦታውን ትወስጃለሽ፣ ደስ ይልሻል። ወዲያም ወዲህም ደስታ ነው። ታዲያ ፊትሽ ለምን እንደዚህ ጠቆረ?

ምንትዋብ፦ ደስ አላለኝም።

እናና፦ ትንሽም?

ምንትዋብ፦ የመጀመሪያ ቀን ትንሽ።

እናና፦ እሱማ ይኖራል። በይ ያንን ማሽንሽን አምጪውና ቅናትሽን እንመዝነው።

ምንትዋብ፦ ምኑን ነው የምትመዝኚው?

እናና፦ አሁን ያስተማርሽኝን። የምንፈልገው ቅናትሽን ነው። ምክንያቱን ደርድሪልኝ። ቦታው አንድ፣ ዶክተሩ ሁለት። ሌላስ? ወንድ የለበትም?

ምንትዋብ፦ የለበትም።

እናና፦ ወንድ የሌለበት ቅናት እንደዚህ አያከሳም።

ምንትዋብ፦ ይትባረክ የሚባል አለ። ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ፕሮግራሙን የሚያሳየን። እኔ ስጠይቀው ፋይል ይልክልኛል፣ አንብቢው ይለኛል። እሷ ስትጠይቀው ወንበር ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል።

እናና፦ መልከ መልካም ነው?

ምንትዋብ፦ ምን አገናኘው?

እናና፦ ለማስገባት ነዋ። ነው አይደለም?

ምንትዋብ፦ … ነው።

እናና፦ ይሄው ሦስት። በይ እናቁማቸው። ይትባረክ አግብቶ ወልዲያ ተዛወረ እንበል። ኢክራምን አያያትም፣ አንቺንም አያይሽም። አሁንም ትቀኚባታለሽ?

ምንትዋብ፦ እናና፣ እንዲህ አይሠራም…

እናና፦ ትቀኛለሽ ወይስ አትቀኚም?

ምንትዋብ፦ እቀናለሁ።

እናና፦ ዶክተሩ አፉ ተዘጋ። እሷንም ጎሽ አይልም፣ አንቺንም በርቺ አይልም።

ምንትዋብ፦ እቀናለሁ።

እናና፦ ቦታውን ላንቺ ሰጡሽ። ቢሮ፣ ወንበር፣ በርሽ ላይ ስምሽ ተለጥፏል። እሷ ሥራ ፈልጋ ኮምቦልቻ ሄደች።

ምንትዋብ፦ አሁንም እቀናባታለሁ።

እናና፦ ጉድ ነው። ሁሉንም አቆምናቸው፣ ቅናቱ አልቆመም።

ምንትዋብ፦ እንደዚህ ሲሆን ዋናው ምክንያት አልገባም ማለት ነው። ያስገባሽው ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ሥራውን የሚሠራው ግን ውጪ የተውሽው ነው።

እናና፦ ምንድነው ውጪ የተውሽው?

ምንትዋብ፦ አንቺን።

እናና፦ ምን አልሽ?

ምንትዋብ፦ አንቺን ነው ያላስገባሁት። ኢክራም እንዲህ አለች፣ ኢክራም እንዲህ ያዘችኝ፣ የኢክራም እጅ እንዴት ይለሰልሳል። እዚህ ቤት ከኢክራም በቀር የሚጠራ ስም አለ? ያሳደግሽኝ እኔን ነው። ገና በልጅነቴ እናቴ ስትሞት ያዘልሽኝ አንቺ ነሽ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ዓይንሽን ልትታዪ ስትሄጂ ሐኪም ቤት ስላደረሰችሽ የብር አምባርሽን አውልቀሽ ሰጠሻት። እኔ ስንት ዓመት ስመኘው የኖርኩትን።

እናና፦ ነይ ውሰጂኝ ስልሽ ትምህርት አለኝ አልሽኛ።

ምንትዋብ፦ ነበረኝ እኮ! የዚያን ቀን ነው ይትባረክ ዘጠና ዘጠኙን ያስተማረን።

እናና፦ የትኛውን?

ምንትዋብ፦ ይሄንኑ። ሪግሬሽኑን ከመጀመራችሁ በፊት ዳታችሁን እዩ፣ መልስ ያልሰጡትን ለኮምፒውተሩ ንገሩ ብሎ ከሰዓቱን ሙሉ አሳየን።

እናና፦ ኢክራም አልነበረችም።

ምንትዋብ፦ አልነበረችም።

እናና፦ ከእኔ ጋር ነበረች።

ምንትዋብ፦ ካንቺ ጋር ነበረች። አንቺ ሂጂ፣ እናናን እኔ እወስዳቸዋለሁ፣ ያመለጠኝን አንቺ ትነግሪኛለሽ፣ አብሽሪ አለችኝ።

እናና፦ ከዚያስ? አልነገርሻትም?

ምንትዋብ፦ ማታ ይዛሽ ስትመጣ ዛሬ ምን አመለጠኝ አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እጇን ሳየው አምባርሽን አድርጋለች። ምንም አላመለጠሽም፣ የምታውቂው ነው አልኳት።

እናና፦ አምባሩን ለምን እንደሰጠኋት ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?

ምንትዋብ፦ ስላደረሰችሽ ነዋ።

እናና፦ ባለባጃጁም አድርሶኛል፣ ለሱ አምባር አልሰጠሁትም። ሐኪሙ ዓይኔ ውስጥ ጠብታ አድርጎ ደጅ ጠብቂ አለኝ፤ ሁሉ ነገር ጭጋግ ሆነብኝ። ሰው ሲያልፍ ጥላውን ነው የማየው፣ ፈራሁ። እጄን ያዘችኝ። ወሬ ታስረሳኝ መሰለኝ፣ እናና፣ ስለ ልጆችዎ ያጫውቱኝ እስቲ አለችኝ። አንቺ፣ ይሄ የወረቀትሽ ጥያቄ ነው አይደል፣ አንዴ አይሆንም ብዬሻለሁ አልኳት። ወረቀት የለም አለችኝ፣ ቦርሳዋን ከፍታ እጄን አስገብታ አስዳሰሰችኝ። ነገርኳት።

ምንትዋብ፦ ምኑን?

እናና፦ ሁሉንም። ያሉትን፣ የሌሉትን። ጡት ሳይጥሉ የሄዱብኝን። እናትሽን። ከነገርኳት በኋላ እኔው ራሴ፣ በይ ካወቅሽ አይቀር ወረቀትሽ ላይ ጻፊው አልኳት፤ እንድትጠቀም ብዬ። አይሆንም አለችኝ። የነገሩኝ ለእኔ ነው፣ ለጥናቱ አይደለም፣ ጥናቱ ላይ አልመለሱም ተብሎ ይቀመጣል አለች። ያኔ ነው ያወለቅኩት።

ምንትዋብ፦ ማለት እውነተኛውን እያወቀች ነው ዘጠና ዘጠኝ ብላ ያስቀመጠችው?

እናና፦ እኔ ኮዱን ምን አውቄ። አልጽፍም አለች፣ አልጻፈችም።

ምንትዋብ፦ ለእኔ ነግረሽኝ አታውቂም።

እናና፦ ጠይቀሽኝ አታውቂም።

ምንትዋብ፦ ልጅ አይቆጠርም ስትይ እየሰማሁ አድጌ ስንት ናቸው ብዬ እንዴት ልጠይቅሽ?

እናና፦ እሷም ስንት ናቸው አላለችኝም። ስማቸውን ነው የጠየቀችኝ።

ምንትዋብ፦ … ስለ እናቴ ምን አልሻት?

እናና፦ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር አልኳት። እንደ ምንትዋብ ነች አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እኔ አብሬሽ እየኖርኩ አላስተዋልኩትም።

ምንትዋብ፦ እሷ አስተዋለችው።

እናና፦ አሁን ደግሞ በዚህም ቅኚ። ደግሞ አምባሩ አንድ ነው ያለሽ ማነው? አምባር ጥንድ ነው እኮ።

ምንትዋብ፦ ሌላኛው የት አለ?

እናና፦ ስትመረቂ ልሰጥሽ አስቀምጬው ነበር። ዛሬ ግን ሙላቷ ለእኔ ስጪኝ ስትለኝ እንደነበር ትዝ አለኝ።

ምንትዋብ፦ አታደርጊውም።

እናና፦ ዘጠና ዘጠኝ ልጅ ወልዳ አንድ አምባር ይበዛባታል?

ምንትዋብ፦ እናና፣ እውነት ምን ላድርግ? አሁን ብነግራት ማታውን ተቀምጣ ታስተካክለዋለች። ኮከቡ ይቀራል፣ ግን ጥናቱ አይወድቅም፤ አንቆጥርም ያሉት ሴቶች አብዝተው መናገራቸው ራሱ ጥሩ ወሬ ነው፣ ካቀረበችው ቦታውንም ሊሰጧት ይችላሉ። እሱ ይሁን። ግን መቼ አየሽው ትለኛለች። ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አልሽ ትለኛለች።

እናና፦ እሱ ቀላል ነው። አሁን አየሁት በያት።

ምንትዋብ፦ አሁን?

እናና፦ አሁን፣ ይሄኔ፣ እናና ሽንኩርት ስትልጥ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ድንገት ዓይኔ ገባ በያት። እኔ ምስክር እሆናለሁ። ደንግጣ ጮኸች፣ ሽንኩርቱን ደፋችብኝ እላታለሁ። ትንሽ ልድፋው ከፈለግሽ።

ምንትዋብ፦ እና ታምናለች?

እናና፦ ያቺ ልጅ አንቺ ያልሻትን ሁሉ ታምናለች። ከፊት ካልተቀመጠችልኝ ያለችው ለምን ይመስልሻል? በይ ደውይ፣ እኔ ከኋላ እጮሃለሁ።

ምንትዋብ፦ አትጩኺ። ምንም አትበይ… ሄሎ፣ ኢክራም? አለሁ። ደህና ናት፣ አጠገቤ ናት። ስሚኝ፣ ፋይልሽን ክፈቺው። የልጆቹን ቁጥር ብቻ ያዢና አማካዩን አውጪ። እጠብቅሻለሁ። … አዎ። አዎ፣ ዘጠና ዘጠኙ ነው፣ መልስ ያልሰጡት። አታልቅሺ፣ ላፕቶፕሽን ይዘሽ ነይ፣ እዚሁ አብረን እንሠራዋለን። … አይ፣ አሁን አይደለም ያየሁት። ባለፈው ሳምንት ነው። ቀንቼብሽ ነው ዝም ያልኩት።